ቀንድ አውጣ ያሰመረው ድንበር

ጉም አምባ ላይ የመሬት ክርክር ሊያይ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ከምርቃቱም ከመሐላውም በፊት ሁለቱን ባላንጣዎች እጃቸውን በንጹህ ውሃ አስታጥቦ መዳፋቸውን ይልሳል። ቀልድ አይደለም። ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ቀኙንም ግራውንም ይልሳል፤ ልሶ «ንጹህ ነው» እስኪል ድረስ በሸንጎው አንድ ሰው ትንፍሽ አይልም። እንግዳ ሲያየው ይስቃል። አንድ ከቆላ የመጣ የበቅሎ ነጋዴ አይቶን «እናንተ ሰዎች፣ ጥጃ ናችሁ እንዴ?» ብሎን ነበር። አብረነው ሳቅን። ምን እናድርግ፣ ምክንያቱን ብንነግረው የባሰ ነበር የሚስቅብን።

ከዚህ ልማድ ጋር የሚሄድ አንድ ካብ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጥቁር ቋጥኝ ተነሥቶ ምንጩ አጠገብ እስካለው ሸንበቆ ድረስ ስልሳ ክንድ ያህል ይሄዳል። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለበት፣ ድንጋይ የለበት፣ ጉድጓድ የለበት፤ ካቡ ግን ሰባት ጊዜ ይጠማዘዛል። አራሹ በእያንዳንዱ መታጠፊያ በሬውን ሲያዞር ካቡን የካበውን ሰው ይራገማል። የማያውቅ ሰው «ሰክረው ነው የካቡት» ይላል። አልሰከሩም። እንደሚነገረው የካቡት ሰዎች ጾመኞችና ንስሐ የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ዘመኑን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። አባቶች የሚሉት፣ ደብሩ ገና በሣር ክዳን ሳለ፣ ይርዳው የሚባል ሰው በጉም አምባ ሞተ፤ ሚስቱን ባንቺይርጋንና እንጉዳይ የምትባል አንዲት ሴት ልጁን ትቶ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ጓንጉል ይባል ነበር። ጓንጉል ለእኔ ሰባተኛ አያቴ ነው፤ ደብቄው ባልፍ ደስ ባለኝ፣ ግን አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሁለቱ ወንድማማቾች አባት መሬቱን ሲያካፍላቸው «ከቋጥኙ እስከ ምንጩ» ብሎ በአፉ ብቻ አካፍሏቸው ነበርና፣ ይርዳው በሕይወት ሳለ ሁለቱም ከምንጩ ይቀዱ ነበር፤ ማን በየት በኩል ነው ያለ አልነበረም። የይርዳው አርባ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ግን ጓንጉል «ምንጩ በእኔ ክልል ነው» አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ!

ለባንቺይርጋ ምንጩ የመጠጥ ውሃ ብቻ አልነበረም። ባሏ ከሞተ በኋላ የሚያርስላት ስላጣች፣ በምንጩ ዳር ጎመን ተክላ በቅዳሜ ገበያ እየሸጠች ነበር ልጇን የምታሳድገው። ምንጩ ከሄደ ጎመኑ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ብቻ ነው፤ እሱም እንስራ ተሸክሞ ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የጎመን ነገር ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ አይሆንም። ጉም አምባ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ነው፤ ቀንድ አውጣው አገሩ እዚያ ነው፤ ቅርፊቱን ያዘለውም፣ ያለ ቅርፊት ራቁቱን የሚሄደውም። ባንቺይርጋ ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ሥር ትለቅማቸው ስለነበር ጠባያቸውን እንደ ጎረቤት ጠባይ ታውቀው ነበር ይባላል። ፀሐይ ሲወጣ ወዴት እንደሚሸሹ፣ በጋ ሲገባ ባለ ቅርፊቱ የቤቱን አፍ በልጋጉ ዘግቶ እስከ ዝናብ እንደሚተኛ፣ ዓይናቸው ቀንዳቸው ጫፍ ላይ እንደሆነ፣ ሲነኩት እንደ ጓንት ጣት ወደ ውስጥ እንደሚገለበጥ ታውቃለች። አመድ እንደማይሻገሩም ታውቃለች። ጓንጉል ክርክሩን ሳያነሣ በፊት አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ፣ ከአሞሌ የተረፈ የጨው ብናኝ በጣቷ ቆንጥራ ራቁቱን የሚሄደው ላይ ስትነሰንስ አያት። ትሉ ተኮማተረ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ቀለጠ።

«ጨው እንዲህ ውድ ሆኖ ለትል ታባክኛለሽ?» አላት።

«አያ ጓንጉል፣ ከጎመኔ የጨው ብናኝ ይርከስ!» አለችው እየሳቀች። «ጨው ካለበት አይደርሱም እኮ። ቀንዳቸው ከሩቅ ያውቀዋል፤ ባለ ቅርፊቱም ቢሆን ዞሮ ይሄዳል።»

ይህን ራሷ ነገረችው። ምግብ አቅርባለት፣ የሟች ባሏን ያህል አክብራው ነገረችው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ እሷ ግን ሞኝ አልነበረችም፤ ሰው ያመነች ሴት ነበረች እንጂ።

በዚያ ዘመን ወሰን ሲጠፋ እንስሳ ማስኬድ ልማድ ነበር ይባላል። ሰው ይዋሻል፣ ምስክርም ዘመድ ነው፤ እንስሳ ግን ለማን ብሎ ይዋሻል? እንስሳው ከታወቀ ቦታ ይለቀቃል፤ የሄደበት መንገድ ወሰን ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የትኛውን እንስሳ እንልቀቅ ሲባባሉ፣ የሁሉ አንጋፋ የነበሩት አባ ስንሻው እያንዳንዱን ጣሉት።

«በሬ ወደ በረቱ ያዘነብላል። ፈረስ የጌታውን ፉጨት ያውቃል። አህያዋ ገብስ ወደሸተታት ነው። ውሻማ ተዉት፣ የሚያበላውን አይቶ ጅራቱን ይቆላል። ጌታ የሌለው፣ በረት የሌለው፣ የሚያስቸኩለው ጉዳይ የሌለው፣ የሄደበትንም እንዳይክድ በራሱ ልጋግ ጽፎ የሚሄድ አንድ ፍጥረት ብቻ ነው የማውቀው፤ ቀንድ አውጣ።»

ሸንጎው ሳቀ። አንዱ «አባቴ፣ እሱ እኮ ቋጥኙን ሳይለቅ መስቀል ይጠባል» አላቸው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ አባ ስንሻው። «እንቁላል ከሄደ፣ ሆዱ ሙሉ እግር የሆነው አይሄድም?»

ራቁቱን የሚሄደው ይሻል ይሆን ብሎ የጠየቀም ነበር። እሳቸው እሱንም አልወደዱትም። ቤት የለውም፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ጉድጓድ ፍለጋ ይዞራል፣ መጠለያ የሌለው ዳኛ ወደሚያስጠልለው ያደላል አሉ። ባለ ቅርፊቱ ግን ቤቱ ጀርባው ላይ ነው፤ ማንንም አይለማመጥም። ይህ ቃል ሁሉንም አስደሰተ፤ አባቶቻችን ቃል ካማረላቸው ነገሩን ረስተው ቃሉን ያደንቃሉ፤ እኛም ከእነሱ ነው የወረስነው።

ባንቺይርጋ ሲነግሯት ተስማማች፤ እንዲያውም ደስ አላት። «ቀንድ አውጣን አውቀዋለሁ፤ የሚያስፈራው ካልገጠመው ያዘመመበትን አይለቅም» አለች። ከቋጥኙ ቀጥ ብሎ ከሄደ ምንጩ በመሐል ይቀራል፤ ሁለቱም ይጠጣሉ። የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነበር። ያኔ ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ተነሣና «ፍትሕ ከሆነ ፍትሕ ይሁን፤ የእሷ ጎመን ይጠራዋል» አለ። እውነት ነው፣ ይጠራዋል። ሽማግሌዎቹ «ልክ ነው» አሉና ጎመኑ እንዲነቀል አዘዙ። ባንቺይርጋና እንጉዳይ ሦስት ወር የደከሙበትን ጎመን በአንድ ጠዋት በገዛ እጃቸው ነቅለው ከሜዳው አራቁት። ድንቄም ፍትሕ!

በሐምሌ፣ ጉሙ ሜዳው ላይ ተኝቶ ካፊያ ሲያካፋ፣ ቀንድ አውጣው ከቋጥኙ ሥር ተለቀቀ። ሽማግሌዎቹ የሣር ገሳቸውን ደርበው ከኋላ ከኋላው ይከተሉት ነበር፤ አንድ ክንድ ሲሄድ አንድ ችካል ይተክላሉ። ሦስት ቀን ፈጀ ይባላል፤ ሲመሽ እንቅብ ይደፉበታል፣ ሲነጋ ይገልጡለታል። መጀመሪያ ላይ የሰለቻቸው ሰዎች ኋላ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው ይላሉ፤ ያ ሆድ እርምጃ ሳይኖረው ሲፈስ፣ ሹል እሾህ ላይ ወጥቶ ሳይቆረጥ ሲወርድ፣ ከኋላው ያ የሚያብለጨልጭ መስመር ሲቀር። አባ ስንሻው «እግዚአብሔር ለትንሹ የማይዋሽ እግር ሰጠው» ብለው አማተቡ።

ጓንጉል ደግሞ ከፊት ነበር። «እሾሁን ላንሣለት፣ ሣሩን ልክፈትለት» ብሎ ጎንበስ እያለ በመዳፉ ሣሩን ይዳብስ ነበር። በወገቡ ቅል አንጠልጥሏል፤ በየጊዜው ከቅሉ ጎንጨት የሚል ይመስላል፣ መዳፉን ያርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ሣሩን ይዳብሳል። ሽማግሌዎቹ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ ለባላንጣው እንኳ መንገድ ያቃናል» እያሉ አመሰገኑት። ባንቺይርጋ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ስለሆነች ሸንጎ መሐል መግባት አይፈቀድላትም ነበር፤ ከላይ ከአፋፉ ከእንጉዳይ ጋር ቆማ ስታይ የምታየው የጓንጉልን ጀርባ ብቻ ነበር።

ቀንድ አውጣው ታጠፈ። ቀንዱን አውጥቶ ሣሩን ነካ፣ ሸሸ፣ ወደ ባንቺይርጋ በኩል ዞረ። ትንሽ ሄዶ እንደገና ታጠፈ። ሰባት ጊዜ ታጠፈ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸንበቆው ሥር ሲደርስ ምንጩም፣ ጎመኑ የነበረበት እርጥብ መሬትም፣ በሙሉ በጓንጉል በኩል ቀርተው ነበር።

እንግዲህ ሴትዮዋ ሥርዓቱን ጥሳ የወረደችው ያኔ ነው። በሽማግሌዎቹ መሐል አልፋ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆመች። መሬቱን አይታ አይታ «ምን ፈርቶ ነው የታጠፈው?» አለች። ያኔ በጉልበቷ ተንበረከከችና ሣሩን ላሰችው። ተነሥታ ሁለተኛው ላይ ሄደች፣ ተንበረከከች፣ ላሰች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እያለቀሰች ነበር።

«ጨው ነው አባቶቼ! ጨው ነው! አንዳችሁ ቅመሱት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቅመሱትና ከዚያ ፍረዱብኝ!»

ሽማግሌ መሬት ይልሳል እንዴ? ሁሉም አባ ስንሻውን አዩ፤ አባ ስንሻውም ጢማቸውን አዩ። ከኋላ ካሉት አንዱ «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እህህ! ያን የሳቀ ጥርስ ምነው ባረገፈው! የሚያለቅሰውም የሚልሰውም አንድ ሰው እንደሆነ ያስተዋለ አልነበረም።

አባ ስንሻው «ልጄ፣ ሐዘን አናውዞሻል፤ ሂጂ ቤትሽ ግቢ» አሏት። ከዚያ ለደብሩ ቄስ ምልክት ሰጡ። ቄሱም መስቀላቸውን አንሥተው፣ ይህን ወሰን የነቀለ፣ የገፋ፣ ያቃና፣ ውሃውንም ያሻገረ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን ብለው አወገዙ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ጓንጉልም አሜን አለ፤ እንዲያውም ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር ይባላል።

አሜኑ ከአፋቸው ሳይወርድ ከብቶቹ ከግጦሽ ተመለሱ። ሌላ ቀን ሜዳውን አቋርጠው በቀጥታ ወደ በረት ነበር የሚገቡት። የዚያን ዕለት የፊተኛዋ ላም አንገቷን አንሥታ አሸተተች፣ ወደ ችካሉ ዞረች፣ መላስ ጀመረች። ሌሎቹ ተከተሏት። ላሞቹ፣ ወይፈኖቹ፣ ጥጆቹ ሁሉ በሰባቱ መታጠፊያዎች ላይ ተደርድረው ሣሩን እስከ አፈሩ ላሱት፤ በዱላ ቢመቷቸውም አልነቃነቅ አሉ። ሦስቱን ቀን እዚያ ያልነበረ ሰው እንኳ ሊረዳው የሚችል ነገር ነበር።

አባ ስንሻው ዱላቸውን ጥለው ሄደው የጓንጉልን እጅ ያዙ። መዳፉን ገልብጠው፣ እዚያው ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ላሱት።

ጓንጉል «ላቤ ነው አባቴ» አለ። «ሦስት ቀን የሠራ ሰው እጅ ጨው ጨው አይልም?»

አዛውንቱ ወደ ቄሱ ዞረው «አባ፣ ይፍቱልን» አሉ እያለቀሱ። ቄሱም በዚህ መስቀል የታሰረውን በዚሁ መስቀል ባንድ ቀን ብፈታ ነገ ማን ይፈራዋል አሉ፤ ከእኔ ከፍ ያለ አባት ዘንድ መሄድ ይገባል፣ አሁን ወንዙ ሞልቷል፣ ክረምቱ ይውጣ አሉ። ክረምቱ ወጣ። አዝመራ ደረሰ፣ አጨዳ ሆነ። ከዚያ ጾም ገባ። ከዚያ ሌላ ክረምት መጣ። የሚሄድ ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም ሌላው ይሄዳል ሲል ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግዝቱን ፈርተው፣ ጾመው፣ ንስሐ ገብተው፣ ችካሉ በቆመበት ላይ ካቡን ካቡት፤ ሰባቱንም መታጠፊያ አንድ ስንዝር ሳያዛንፉ። በዚያው ዕለት «ከእንግዲህ ተከራካሪ ሁሉ እጁ ታጥቦ ይላስ» ብለው ደነገጉ። እጁ የሚታጠበው ላብ ነው የሚል እንዳይኖር ነው። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ሕግ አወጡ፤ ለእሷ ግን አንድ እንስራ ውሃ አልመለሱላትም።

ጓንጉል «ቅጂ፣ ማን ከለከለሽ» ይላት ነበር ይባላል። ባንቺይርጋ አስፈቅዳ መቅዳትን እምቢ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደል ወርዳ ቀዳች። ጎመን ዳግመኛ አልተከለችም። ታማ በተኛች ጊዜ ጓንጉል፣ ኅሊናው ወቅሶት ይሁን ሰው አምቶት፣ ከምንጩ በቅል ቀድቶ በራሱ እጅ አመጣላት። እንጉዳይ ደግፋት ቀና አለች፣ ከንፈሯን አረሰች።

«ጨው ጨው ይላል፣ አያ ጓንጉል» አለችው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጓንጉል ውጭ ወጥቶ ውሃውን ቀመሰው፤ ምንም አላገኘበትም። እሷ በማግስቱ ሞተች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ፣ መጨረሻ ላይ የበደለኛው ምንጭ ደረቀ ይባላል፤ ወይም ዘሩ ጠፋ፣ ወይም መብረቅ ወረደበት። ሰው እንዲህ ካልተባለ እንቅልፍ አይወስደውም። የኛ ምንጭ አልደረቀም። ጓንጉል ሸምግሎ፣ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። እኛ ዘሮቹም ይኸው በዝተናል።

አምና ከእንጉዳይ ወገን የምትወለድ አስረበብ የምትባል ሴት ከሰሰችኝ። ምንጩን አልጠየቀችም። ከካቡ በታች አንድ ጠባብ ቦይ አልፎ፣ የተረፈው ውሃ፣ ለከንቱ ሸንበቆ ውስጥ የሚፈሰው፣ ለአትክልቷ እንዲደርስላት ነው የጠየቀችው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እጃችንን አስታጠቡን። አንጋፋው ጎንበስ ብለው መዳፌን ላሱ፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። «ንጹህ ነው» አሉ። የእሷንም ላሱ፤ ንጹህ ነበር። ከዚያ ካቡ ግዝት አለበት፣ ውሃ ማሻገርም አይቻልም ተብሎ ተፈረደ።

አስረበብ ወደኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ አንተስ ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ።

እኔ አንድ ቃል ብል ሽማግሌዎቹ ይሰሙኝ ነበር። «ይፈታ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ ከፍ ያለ አባት ዘንድ እኔ እሄዳለሁ» ብል የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ወንዙም አልሞላም፣ ጥር ነበር። እጄ ንጹህ ነው ተብሏል። እጄን በጋቢዬ ጠርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ መንገዴን ምንጩ ላይ አድርጌ በቅል ቀድቼ ጠጣሁ። ጥሩ ውሃ ነው። ቀመስኩት፣ ደግሜም ቀመስኩት፤ ጨው የሚባል ነገር የለበትም።